ቲሸርቱ እጃቸው እስኪገባ ብሩ አደራ ነው

«ደንገል ነኝ» ስትል ከባሕር ዳር የጻፈችልን እህታችን ደብዳቤ ሲያጥር እንዲህ ይላል፦

«እኔና አራት ጓደኞቼ የቲሸርት ንድፍ ማኅበር አለን። በቴሌግራም 640 አባላት ሆነናል። አባላት ንድፍ ያቀርባሉ፣ ሁሉም ድምፅ ይሰጣል፣ ያሸነፈውን የሚፈልግ ሰው 650 ብር አስቀድሞ ይከፍላል፤ 25 ሰው ከሞላ እናሳትማለን። ሁለት ዙር በሰላም አለፈ። በሦስተኛው ዙር በጥቁር ሰማያዊ ቲሸርት ላይ በነጭና በቢጫ የተሳለ ታንኳ አሸነፈና 87 ሰው ከፈለ። የተረፈውን ለበዓል እንሸጠዋለን ብለን 120 አሳተምን። ማድረስ ከነበረብን ቀን 40 ቀን ዘገየን። 31 ሰዎች ሁለቴ ሲያጥቡት ሥዕሉ ተሰነጣጠቀ አሉ፣ 9 ሰዎች ልኩ አልሆነንም አሉ። ለንድፉ ባለቤት ከአንድ ቲሸርት 40 ብር ቃል ገብተንለት አልከፈልነውም፤ ሌላ አባል ደግሞ ‹ንድፉ የኔ ነው› ይላል። ካዝናችን ባዶ ነው። ብሩን ልመልስ? ማኅበሩን ልዝጋ? ለጥምቀት ደግሞ ከዘጌ ገዳም ግድግዳ የተቀዳ የመልአክ ሥዕል ቀርቦ ብዙ ድምፅ አግኝቷል፤ እሱንስ ምን እናድርገው?»

ውድ ደንገል፣

ማኅበሩን አትዝጊ። አራተኛውን ዙር ግን አሁን አትክፈቺ። የጥምቀቱን ብር ሰብስበሽ የታንኳውን ቀዳዳ ለመድፈን አስበሽ እንደሆነ፣ ያንን ሐሳብ ዛሬውኑ ተይው። የኋለኛው ሰው ብር ለፊተኛው ሰው ዕዳ ከዋለ፣ ከዚያ ወዲያ የምትከፍቱት ዙር ሁሉ ገና ሳይጀመር ዕዳ አለበት።

ዕቁብ ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የዕቁብ ገንዘብ ያዥ እጁ የገባውን ብር የራሱ አድርጎ አይቆጥረውም፤ ዕጣው ለወጣለት እስኪያስረክብ ድረስ አደራ ነው። የእናንተም 650 ብር እንዲሁ ነው። የከፈለው ሰው ቲሸርቱን በልኩ እስኪረከብ ድረስ ብሩ የእሱ ነው፣ እናንተ ጠባቂዎቹ ናችሁ።

ደረሰኞቹን ስለላክሽልን ብሩ የት እንደገባ ለማየት አልተቸገርንም። ከ87 ሰው 56,550 ብር ገብቷል። 120 ባዶ ቲሸርት በ380 ብር 45,600፣ ኅትመቱ በ70 ብር 8,400፣ የሁለቱ ቀለም ስክሪን (ቀለሙ ወደ ጨርቁ የሚያልፍበት ወንፊት) ማዘጋጃ 1,800፣ ከአዲስ አበባ ማስጫኛ 1,500፣ የ87ቱ ላስቲክ 870። ሲደመር 58,170 ብር። 1,620 ብር ከኪሳችሁ ጨምራችኋል ማለት ነው፣ ንድፍ ሠሪውም ሳይከፈለው። ቀዳዳው ካርቶን ውስጥ የተቀመጡት 33 ቲሸርቶች ናቸው፤ አንዱ ከነኅትመቱ 450 ብር ስለሆነ 14,850 ብር እዚያ ታስሯል። ማንም ያላዘዘው ዕቃ በአደራ ብር ተገዛ። አንድም ሥዕል ባይሰነጠቅ ኖሮ እንኳ ካዝናው ባዶ ነበር። ለ87 ሰው 5 መጠባበቂያ ጨምራችሁ 92 ብቻ ብታሳትሙ፣ 1,200 ብር ለናሙና ብታወጡና የንድፍ ሠሪውን 3,480 ብር ብትከፍሉ፣ 6,300 ብር ይተርፋችሁ ነበር።

አሁን ወደ ተሰነጠቀው ሥዕል እንምጣ። በላክሽው ፎቶ ላይ የታንኳው አፍ ጫፍ በደንብ ይታያል። ስንጥቁ እስከ ጨርቁ ወርዷል፣ ቢጫው ከሥሩ ያለውን ነጭ ይዞ ነው የተነሣው። ይህ የቀለም ጥራት ጉድለት አይመስልም፤ ሙቀት ያልጠገበ ፕላስቲሶል፣ ማለትም ፕላስቲክነት ያለው የኅትመት ቀለም ነው። ፕላስቲሶል እንደ ግድግዳ ቀለም አየር ላይ አይደርቅም። ከላይ እስከ ታች ሙሉ ንብርብሩ 160 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መድረስ አለበት። ከዚያ በታች ሲሆን ላዩ በእጅ ሲነካ የደረቀ ይመስላል፣ ውስጡ ግን አልያዘም። በጥቁር ጨርቅ ላይ ደግሞ ነጩ መደብ ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱ ወደ ሥር ለመግባት ጊዜ ይፈልጋል። መብራት ሲደክም ማሞቂያው ይቀዘቅዛል፣ አታሚው ግን በለመደው ሰከንድ መቁጠሩን ይቀጥላል። ከ87ቱ 31ዱ ብቻ መሰንጠቃቸው ወደዚህ ይጠቁማል፤ በአንድ ሰዓት በተከታታይ የወጡ መሆን አለመሆናቸውን አታሚውን ጠይቂው።

ሌላም ዓይነት ብልሽት ስለሚገጥማችሁ ለይታችሁ እወቁት። ሥዕሉ ሳይሰነጠቅ እኩል እየደበዘዘ ከሄደ በውኃ የሚሠራ ቀለም ሙቀት አንሶት ነው፤ በክረምት ከሐይቁ እርጥበት ጋር ውኃው ቶሎ ስለማይተን ይብሳል። ጠርዙ እንደ ቆዳ ከተላጠ በዲቲኤፍ (ሥዕሉ መጀመሪያ ፊልም ላይ ታትሞ በሙቀት በሚለጠፍበት ዘዴ) የተለጠፈ ሆኖ ሂት ፕሬሱ፣ ማለትም በሙቀት የሚጫነው ማሽን፣ እኩል አልተጫነም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የአንገቱ ስፌት ከብረቱ ሥር ገብቶ ሳህኑን ስለሚያነሣው ነው። ነጩ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ሮዝ ካደላ ጨርቁ ፖሊስተር አለበት፣ የጨርቁ ማቅለሚያ በሙቀት ወደ ሥዕሉ ወጥቷል። ክር መዝዘሽ በክብሪት አቃጥይው፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር ጠብታ ይሠራል።

የቀሩትን 33 አንድ በአንድ ፈትሹ። ሥዕሉን በሁለት እጅ ይዘሽ በእርጋታ፣ ከራሱ ሲሶ ያህል እስኪረዝም ሳቢው። የበሰለው ተለጥጦ ይመለሳል፤ ያልበሰለው ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያሳያል። ፍተሻውን በሥዕሉ አንድ ጥግ ላይ አድርጊው፣ መሐል ደረቱ ላይ አይሁን። ጥርጣሬ ያለበትንና ገና ያልተሰነጠቀውን ማዳን ይቻላል፦ ሂት ፕሬሱን 160 ዲግሪ ላይ አድርጋችሁ፣ በሥዕሉ ላይ የመጋገሪያ ወረቀት አልብሳችሁ፣ ቀለል ባለ ጫና ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ያዙት፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና ሳቡት። መጀመሪያ በአንዱ ሞክሩ። የተሰነጠቀው ግን ምንም ቢተኮስ አይመለስም፤ ለባለቤቱ «እንተኩስልህ» አትበሉ።

ቅሬታ ላቀረቡት 40 ሰዎች እስከ ነገ ማታ ይህን የመሰለ መልእክት ይድረሳቸው፦ «የታንኳው ቲሸርት ላይ ጉድለት አለ፣ ጥፋቱም የእኛ ነው። ሥዕሉ የተሰነጠቀበት ወይም ልኩ ያልሆነው ሰው እስከ ሐሙስ ማታ ‹ቅያሪ› ወይም ‹ብር› ብሎ፣ ልኩን ጨምሮ ይጻፍልን። ቅያሪ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንሰጣለን። ብር ለሚፈልግ የሚከፈልበትን ቀን ለየራሱ እንጽፋለን።» ይቅርታውን አታርዝሙት፤ ሰው የሚፈልገው ቀን ነው። ምርጫውንም ለእነሱ ተዉት፤ «ቅያሪ ውሰድ እንጂ ብር የለንም» ማለት አደራን መካድ ነው።

33ቱ ፍተሻውን ካለፉና ልኮቹ ከገጠሙ፣ ቢያንስ ለ7 ሰው ብር መመለስ አይቀርላችሁም፤ 4,550 ብር። የንድፍ ሠሪው 3,480 ሲጨመር 8,030 ብር ይሆናል። ለአምስታችሁ በነፍስ ወከፍ 1,606 ብር ነው። ከባድ መሆኑ ይገባናል፣ ግን ውሳኔውን የወሰናችሁት እናንተ ስለሆናችሁ ከእናንተ ኪስ መውጣት አለበት። ብር የሚፈልገው ሰው ከበዛ ቀን ከፋፍላችሁ ክፈሉ፤ ነገር ግን የተጻፈው ቀን አይለፍ። ካዝና ሲደርቅ «አባላት ድርሻ ይግዙና ትርፍ እንካፈል» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ቅድመ ክፍያ ሌላ፣ ትርፍ ቃል ገብቶ ከሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ ሌላ ነው፤ ሁለተኛው በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ሥር የሚታይ ጉዳይ ነው፣ አትግቡበት።

አታሚውንም አነጋግሪው። ሦስት የተሰነጠቁ ቲሸርቶች ይዘሽ ሂጂና ከፊቱ አንዱን ሳቢው። ያለ ጠብ፣ በጽሑፍ፣ እንደገና እንዲያትምልሽ ወይም የ31ዱን የኅትመት ዋጋ 2,170 ብር እንዲመልስ ጠይቂ። ሙሉውን ከፍለሽ፣ ሳትፈትሺ ተረክበሽ ስለነበር አቋምሽ ደካማ ነው። ለሚቀጥለው ግማሹን ስታዢ፣ ግማሹን ቆጥረሽና ከየአሥሩ አንዱን ስበሽ ካየሽ በኋላ ክፈዪ። መብራት ቢጠፋ ወይም ቢደክም ሥራው እንዲቆም፣ የተበላሸ ቲሸርት የማን ኪሳራ እንደሆነም በወረቀት ይስፈር።

ወደፊት ትልቁ ለውጥ ሊሆን የሚገባው ከድምፅና ከብር ላይ ነው። ድምፅ መስጠት በነፃ ስለሆነ ሰው ለጓደኛው ይሰጣል፣ ለሳቀበት ይሰጣል፣ ለአገሩ ልጅ ይሰጣል። ይህ ክፋት የለውም፤ ማኅበሩን የሚያሞቀው እሱ ነው። ግን ድምፅ ትእዛዝ አይደለም። በ2000 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ የተጀመረው የቲሸርት ድርጅት ትሬድለስ ከአባላት ንድፍ እየተቀበለ ሲያስመርጥ፣ ከነጥቡ ጎን «እገዛዋለሁ» የሚል ምልክት ያስደርግ ነበር፤ ውዱ መረጃ እሱ ነው። እናንተም በድምፅ ሦስቱን ምረጡ፣ ከዚያ ሦስቱንም ለ10 ቀን ለቅድመ ክፍያ ክፈቷቸው። ሰው ሲከፍል «ይህ ካልሞላ ብሬ ይመለስ» ወይም «ወደዚያኛው ንድፍ ይዙር» ብሎ አስቀድሞ ይምረጥ። ያልሞላው ንድፍ ብር በሦስት ቀን ውስጥ ይመለስ።

«ይሞላል» የሚለውን ቁጥር ደግሞ በግምት አታስቀምጡ። 25 ከየት መጣ? በራሳችሁ ዋጋ እናስላው። ለአንድ ቲሸርት ባዶው 380፣ ኅትመት 70፣ ላስቲክ 10፣ ንድፍ ሠሪ 40፤ ለሚበላሽ ከ450ው 5 በመቶ፣ 23 ብር በሉት። 523 ብር ሆነ። ከ650 ላይ 127 ብር ይቀራል። አንድም ይሁን መቶ ብታሳትሙ የማይቀረው ወጪ፣ ማለትም ስክሪን 1,800፣ ማስጫኛ 1,500፣ ናሙና 1,200፣ ድምሩ 4,500 ብር ነው። 4,500 ለ127 ሲካፈል 35.4፤ ስለዚህ 36 ሰው ሳይከፍል ማሳተም ኪሳራ ነው። በ25 ሰው ብታሳትሙ 1,325 ብር ከኪስ ትጨምራላችሁ፤ ያለፉት ሁለት ዙሮች በሰላም ያለፉ የመሰሉት ናሙና ስላልሠራችሁበት ይሆናል። ወለሉን፣ ማለትም ለማሳተም የሚበቃውን ትንሹን የከፋይ ቁጥር፣ 45 አድርጉት። ቀለም አንድ ሲጨመር አንድ ስክሪን፣ 900 ብር ይጨመራል፣ የኅትመቱም ዋጋ ከፍ ይላል፤ ወለሉም አብሮ ይነሣ። ባለ አራት ቀለም ንድፍ ያቀረበ አባል ይህን አስቀድሞ ይወቀው። ከዚያም ያዘዘውን ቁጥርና 5 በመቶ ብቻ አሳትሙ። ግብር የምትከፍሉበትን መንገድ ሒሳብ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሆናችሁ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ብሩ በአንቺ የግል ቴሌብር አይግባ። በሁለት ሰው ፊርማ ብቻ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፤ ከአምስታችሁ ሦስተኛው ሰው መዝገብ ይያዝ፣ የሚፈርም ሰው አይመዝግብ። በመዝገቡ ላይ ስም፣ ንድፍ፣ ልክ፣ የግብይት ቁጥርና ቀን ይስፈር። ስክሪንሾት ደረሰኝ አይደለም፤ በስልክ ላይ በደቂቃ ይቀየራል። የግብይት ቁጥሩ በሒሳብ መግለጫው ላይ ሳይታይ «ተከፍሏል» ተብሎ አይጻፍ። በየማክሰኞው የገባውን ብርና የወጣውን ለአባላት ለጥፉ።

ስለ 9ኙ ልክ። «ኤል» የሚባል አንድ ልክ የለም፤ የአንዱ ፋብሪካ ኤል የሌላው ኤም ነው። ከአሁን በኋላ ፊደሉን ብቻ አትጠይቁ። ባዶውን ቲሸርት ከምትገዙበት ሰው አንድ አንድ ናሙና ወስዳችሁ፣ ጠረጴዛ ላይ አንጥፋችሁ ከብብት እስከ ብብትና ከትከሻ እስከ ጫፍ ለኩና በሴንቲሜትር ለጥፉት። አባሉም ቤቱ ያለውን የሚመቸውን ቲሸርት እንዲሁ አንጥፎ ለክቶ ያዛል። ናሙናውን አጥባችሁም ለኩት፤ አስቀድሞ ያልታጠበ ጥጥ እስከ 5 በመቶ ሊሰበሰብ ይችላል፣ 70 ሴንቲሜትር የነበረው 66.5 ይሆናል። ክብደቱን ለማወቅ ከናሙናው 10 በ10 ሴንቲሜትር ቆርጣችሁ ወርቅ ቤት አስመዝኑት፤ 1.8 ግራም ከሆነ በካሬ ሜትር 180 ግራም ነው፣ ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው። ከ1.5 ግራም በታች ከሆነ በነጭ ወፍራም ቀለም ሥር ጨርቁ ይጨማደዳል። የጨርቃጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በራሳችሁ ከተማ፣ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ እያለ ጨርቅ የሚያውቅ ሰው ከመራጮቹ መሐል አለመኖሩ ያሳዝናል፤ አንድ ተማሪ ወይም መምህር ጋብዙ።

ከንድፍ ሠሪዎች የምትቀበሉት ፋይል በቬክተር (ቢሰፋም ጥራቱ በማይቀንስ የሥዕል ፋይል)፣ ካልሆነም በሚታተምበት መጠን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን። ለአዋቂ ደረት 28 ሴንቲሜትር ስፋት ይበቃል። የአማርኛ ፊደል ያለበት ንድፍ ሁሉ ከመላኩ በፊት ፊደሉ ወደ ቅርጽ ይቀየር፤ የአታሚው ኮምፒውተር ያንን ፎንት ከሌለው ባዶ ሳጥን ያሳያል ወይም ሌላ ፎንት ይተካበታል፣ አታሚውም ላያስተውለው ይችላል። ፊደሉ ከ5 ሚሊሜትር ካነሰ የ«ጠ» ሦስት እግሮች ይጣበቃሉ፣ የ«ሟ» ቀለበት ይደፈናል። በጥቁር ጨርቅ ላይ ከሆነ ደግሞ የላዩ ቀለም ከነጩ መደብ ትንሽ ተርፎ እንዲሸፍነው ይደረግ፣ አለዚያ ነጭ ጠርዝ ሾልኮ ይታያል። ናሙናው ታትሞ አምስት ጊዜ ሳይታጠብ ብር መቀበል አትጀምሩ፤ የታጠበውን ፎቶ ከአዲሱ ጎን ለጥፉት።

የታንኳው ንድፍ የማን እንደሆነ ድምፅ አታስሰጡበት። የንድፍ ሠሪውን 3,480 ብር ለይታችሁ አስቀምጡና ሁለቱንም በሦስት ቀን ውስጥ የሥራ ፋይላቸውን ከነንብርብሩና የእርሳስ ንድፋቸውን እንዲያሳዩ ጠይቁ። ያለቀ ሥዕል ማንም ሊያወርደው ይችላል፤ መንገዱን ማሳየት የሚችለው የሠራው ነው። ሁለቱም ከአንድ ፎቶግራፍ ላይ ቀድተው ከሆነ ደግሞ ፈቃድ መጠየቅ ያለበት ከፎቶ አንሺው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱን ለሠሪው ይሰጣል፤ በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቅለታል፣ ለሌላ ሲተላለፍም በጽሑፍ መሆን አለበት። ውሉ አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ ለየትኛው ንድፍ፣ በቲሸርት ላይ ብቻ፣ ለስንት ወር፣ ከአንዱ ስንት ብር፣ የሚከፈልበት ቀን፣ ስሙ በየት እንደሚጻፍ፣ ሥራው የራሱ ስለመሆኑ ማረጋገጫ። የባሕር ዳር ከነማን ዓርማም ሆነ የማንኛውንም ድርጅት ምልክት ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አትቀበሉ።

የመልአኩን ሥዕል አታሳትሙ። የገዳሙ ሥዕል ካረጀ የቅጂ መብት ላያግድ ይችላል፣ ጉዳዩ ግን እሱ አይደለም። ቲሸርት ላብ ይጠጣል፣ ተኝተውበት ይታደራል፣ መጠጥ ቤት ይገባል፣ ሲያልቅ የወለል መወልወያ ይሆናል። በዚያው ሥዕል ፊት ጫማዋን አውልቃ የምትሰግድ እናት በዚህ ከተማ በየቤቱ አለች። 640 ሰው ድምፅ ቢሰጥ እንኳ ይህ በድምፅ የሚወሰን ነገር አይደለም፤ ከምርጫው በፊት የሚሠራ ደንብ ይሁን፣ ቅዱሳት ሥዕላት አይቀርቡም በሉ። ያቀረበውን ልጅ አታሳፍሩት፣ ለብቻው አነጋግሩት። እጁ ጥሩ ከሆነ በብራና መጻሕፍት ጠርዝ ላይ ያለውን ሐረግ እንዲሠራ፣ ወይም ታንኳ የሚሠራበት የደንገል ተክል ሲታሰርና ሲገመድ እንዲስል ጠይቁት።

ለጥምቀት እንዲደርስ ከጥር 11 ወደ ኋላ ቁጠሩ፦ ናሙናና እጥበት 10 ቀን፣ ቅድመ ክፍያ 10፣ ባዶውን ማስመጣት 7፣ ኅትመት 5፣ ፍተሻ 2፣ እደላ 4፣ ለመብራትና ለመንገድ መጠባበቂያ 10። 48 ቀን ነው፤ ኅዳር 23 ናሙናው አታሚው እጅ መግባት አለበት። ከዚያ ካለፈ ለጥምቀት አትቸኩሉ፣ ለትንሣኤ አድርሱት። እደላውን በሁለት ቦታ አድርጉ፣ አንዱ ፔዳ ግቢ በር፣ አንዱ ጊዮርጊስ አካባቢ፤ ተረካቢው እዚያው ከላስቲኩ አውጥቶ ልኩን አይቶ ይፈርም። ሐረጉን የሚሠራው ልጅ ደግሞ መስመሩን ከግማሽ ሚሊሜትር እንዳያቀጥነው ንገሩት፣ ከዚያ ከቀጠነ ስክሪኑ ላይ አይወጣም።